ክሩዝ ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ የምትፈሩት ሌላ፣ የሚያስቸግራችሁ ሌላ

ክሩዝ፣ ማለትም ትልቅ መርከብ ላይ እያደሩ ከወደብ ወደብ መዝናናት፣ በሐበሻው ዘንድ የተለመደ ነገር እየሆነ ነው፣ በተለይ እኛ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለነው ባልቲሞር አፍንጫችን ስር ስለሆነች የአውሮፕላን ትኬት ሳንቆርጥ መኪናችንን ነድተን ሄደን መርከቡ ላይ መውጣት ነው። ታዲያ አንድ ሰው ሄዶ ፎቶ በለጠፈ ቁጥር ሌላው ይደውላል፣ ስንት ፈጀብሽ፣ ምን ይበላል፣ ግሪን ካርድ ይበቃል ወይ፣ እናቴን ይዤ ብሄድስ። እኔም እየደጋገምኩ በስልክ ከማወራ አንዴ ልጻፈውና ሊንኩን ልላክላቸው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

የሁሉም የመጀመሪያ ጥያቄ "ቢሰጥምስ?" ነው። እማዬን ገና ሳነሳላት "ልጄ፣ መሬት ምን አሳጣኝና ነው ባህር ላይ የማድረው?" ነበር ያለችኝ። አልፈርድባትም፣ ሰው መርከብ ሲባል ቶሎ የሚመጣበት ታይታኒክ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር ክሩዝ ሄዶ ተናዶ የተመለሰ ሐበሻ ሲያወራ ብትሰሙ መስጠም የሚባል ነገር ውስጡ የለም። ያናደደው ወይ ወረቀት ነው፣ ወይ ስልክ ነው፣ ወይ መጨረሻ ላይ የመጣው ሂሳብ ነው፣ ወይ መርከቡ ጥሎት ሊሄድ ሲል የሮጠው ሩጫ ነው።

ስለ መስጠሙ አንዴ ልናገርና ልለፈው። በጃንዋሪ 2012 ጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ኮስታ ኮንኮርዲያ የሚባለው መርከብ ድንጋይ መትቶ ተገልብጦ 32 ሰው ሞቷል፣ ያኔ የዛን ቀን የተሳፈሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ገና የአደጋ ጊዜ ልምምዱን አልሰሩም ነበር። ከዛ በኋላ ህጉ ተቀየረና ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው መደረግ አለበት ተባለ። አሁን አብዛኛው ቦታ ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ ወይም ክፍላችሁ ቲቪ ላይ ታያላችሁ፣ ከዛ የተመደባችሁበት መሰብሰቢያ ቦታ ሄዳችሁ ካርዳችሁን ስካን ያደርጉላችኋል፣ አለቀ። ሰባት አጭር ጡሩምባና አንድ ረጅም ከሰማችሁ እዛ ቦታ ነው የምትሄዱት። እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነ ቪዲዮውን በአማርኛ እያስረዳችሁ አሳዩአቸው፣ ቦታው ድረስም በእግር ወስዳችሁ አሳዩአቸው፣ አሳንሰር በዛን ሰዓት ስለማይሰራ ደረጃው የት እንደሆነ ይወቁ። እማዬ ደማቅ ብርቱካናማውን ላይፍ ጃኬት እንዴት እንደሚታሰር ካየች በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወረቀት። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ።

አሜሪካዊ ዜጋ ከሆናችሁና መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዛው ወደብ የሚመለስ ከሆነ ህጉ ያለ ፓስፖርትም ይፈቅዳል፣ የልደት ሰርተፍኬት ወይም የዜግነት ሰርተፍኬት ከመንግስት መታወቂያ ጋር ይበቃል፣ እዚህ የተወለዱ ከ16 ዓመት በታች ልጆች ደግሞ የልደት ሰርተፍኬታቸው ብቻ ይበቃቸዋል። እኔ ግን ፓስፖርት ያዙ ነው የምለው፣ ምክንያቱም አንድ ደሴት ላይ ብትታመሙ ወይም መርከቡ ቢያመልጣችሁ የምትመለሱት በአውሮፕላን ነው፣ አውሮፕላን ደግሞ በልደት ሰርተፍኬት አያሳፍራችሁም።

ግሪን ካርድ ያላችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩት፣ ስድስት ወር ቀሪ ጊዜ ካለው ጥሩ ነው። ግሪን ካርዱ ወደ አሜሪካ ያስገባችኋል፣ መርከቡ የሚያርፍባቸው ሀገሮች ግን የየራሳቸው ህግ አላቸው። ሜክሲኮ ለምሳሌ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ቪዛ አትጠይቅም፣ ካናዳም ፓስፖርትና ግሪን ካርድ አብረው እስከተያዙ ድረስ እንደዛው ናት። ሌሎቹን ደሴቶች አንድ በአንድ ማየት ነው፣ ምክንያቱም አንዱ ሀገር ቪዛ ካስፈለገና ከሌላችሁ "እዛ አልወርድም፣ መርከብ ላይ እቀመጣለሁ" ማለት አይሰራም፣ ገና ከመነሻው ወደብ ላይ ይመልሷችኋል፣ ገንዘቡም አይመለስም። የመርከቡ ድርጅት ጋ ደውላችሁ "የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ አለኝ፣ በዚህ መስመር ምን ያስፈልገኛል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በኢሜይል ላኩልኝ በሉ።

አሁን ደግሞ ሰው የማያስበው። ጥገኝነት ጠይቃችሁ ኬዛችሁ ያላለቀ ከሆነ ክሩዝ ማለት ከአሜሪካ መውጣት ማለት ነው! መርከቡ እዛው ስለሚመለስ "አልወጣሁም" የሚባል ነገር የለም፣ ውጭ ሀገር ወደብ ነክቷልና። አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዙ መውጣት ኬዙን ራሳችሁ እንደተዋችሁት ያስቆጥራል። ጥገኝነት ያገኛችሁ ግን ግሪን ካርድ ያልደረሳችሁም የስደተኛ ትራቭል ዶክመንት ሳትይዙ እንዳትሞክሩት፣ እሱን ይዛችሁም እያንዳንዱ ሀገር ይቀበለው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ጠበቃ ሳታናግሩ በዲል ዋጋ ተታላችሁ ቡክ አታድርጉ፣ 300 ዶላር አትርፋችሁ ስንት ዓመት የጠበቃችሁትን ኬዝ እንዳታበላሹ።

ለጉብኝት የመጡ ወላጆችም እንደዛው። ቪዛቸው ላይ አንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ የተጻፈው ባሃማስ ወጥተው ሲመለሱ በምን ሊገቡ ነው? ቪዛውን አውጥታችሁ "ኤም" (ደጋግሞ የሚያስገባ) ነው ወይስ "1" የሚለው እዩት። "አላስካማ አሜሪካ ነው" የሚልም አጋጥሞኛል። አላስካ አሜሪካ ናት፣ ግን ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች ካናዳ ቪክቶሪያ ጎራ ይላሉ፣ ይሄም ለመዝናናት ብቻ አይደለም፣ በ1886 የወጣ የአሜሪካ ህግ አለ፣ የውጭ ሀገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ውጭ ሀገር ሳይረግጥ ከአሜሪካ ወደብ አሜሪካ ወደብ ሰው ማመላለስ አይችልም ይላል። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የባሃማስ ወይም የፓናማ ወይም እንደነሱ ያለ ሀገር ባንዲራ ነው የያዙት። ስለዚህ አላስካም ብትሄዱ የካናዳ ነገር አለ።

እንግሊዝ ያላችሁና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ሜዲትራኒያን ለመሄድ ሸንገን (የአውሮፓ ሀገሮች የጋራ ቪዛ) ያስፈልጋችኋል፣ መርከቡ መሀል ላይ ቱርክ ገብቶ ተመልሶ ግሪክ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስገባ ሸንገን። ዱባይ ያላችሁም በብርዱ ወራት ኦማንና ኳታር የሚያዞሩ መርከቦች አሉ፣ የኢምሬትስ ነዋሪነቴ ብቻ ይበቃኛል ብላችሁ አትነሱ።

የስም ጉዳይም የእኛ የብቻችን ራስ ምታት ነው። ቡክ ስታደርጉ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ፣ የአያት ስም ካለ ከነአያቱ። ባልና ሚስት ስማችን አይመሳሰልም፣ እናት ከልጇ ጋር ስትሄድ የአባት ስም ለየቅል ነው፣ ፈረንጁ ደግሞ ይሄ አይገባውም። አንድ ወላጅ ብቻውን ልጅ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ከሌላኛው ወላጅ ኖተራይዝ የተደረገ የፈቃድ ደብዳቤና የልጁን የልደት ሰርተፍኬት ይያዝ። ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፣ ሲጠየቅ ግን ያለሱ አይሆንም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ኢንስታግራም ላይ "299 ዶላር ብቻ" የሚለው ማስታወቂያ ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁለት ሰው አንድ ክፍል ከያዘ ነው፣ ብቻችሁን ከሄዳችሁ የሁለት ሰው ሂሳብ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ላዩ ላይ ታክስና የወደብ ክፍያ አለ። ከዛ ቲፕ፣ እሱን በየቀኑ በየሰው ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ ራሳቸው ይቆርጡታል፣ ልጆችም ይቆጠራሉ፣ አራት ቤተሰብ ለአንድ ሳምንት ሲሆን 500 ዶላር አካባቢ ነው እኮ። ዋይፋይ ለብቻው ነው። ለስላሳ ለብቻው ነው። ውሃ፣ ሻይ፣ የቡፌው ቡና ነፃ ነው፣ ግን ስለቡፌው ቡና ምንም ባልናገር ይሻላል። የመጠጥ ፓኬጅ አንዱ ሲገዛ እዛው ክፍል ያሉ አዋቂዎች ሁሉ ይግዙ የሚሉ አሉ፣ ስለዚህ ባልየው ሊጠጣ ሚስትየውም ልትከፍል ነው፣ አስቡበት። በነገራችን ላይ ዲቢት ካርድ አትስጡ፣ በየቀኑ አካውንታችሁ ላይ ያለውን ብር ይይዙትና ከተመለሳችሁም በኋላ ስንት ቀን ሳይለቁት ይቆያሉ፣ የቤት ኪራይ ቀን ከሆነ ጉድ ነው። ክሬዲት ካርድ ስጡ።

ስልክ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ኤርፕሌን ሞድ። ልድገመው፣ ኤርፕሌን ሞድ፣ ከዛ ዋይፋዩን ብቻ መልሳችሁ ማብራት። መሀል ባህር ላይ ስልካችሁ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ራሱ ይፈልግና ይይዛል፣ የአሜሪካው አንሊሚትድ ፕላናችሁ እሱን አይሸፍንም። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ፑል ዳር ሲተኛ ፎቶዎቹ ወደ ክላውድ ሲጫኑ ውለው የወሩ ቢል ሲመጣ የክሩዙን ግማሽ ያህል ነበር። ወላጆቻችሁ ስልክ ላይ ራሳችሁ አስተካክሉላቸው፣ እነሱ እንደሆነ ኢሞና ዋትሳፕ ካልከፈቱ አይውሉም።

ስለ ምግብ ስንት ሰው ጠይቆኛል መሰላችሁ፣ በተለይ ጾም። የስፕሪንግ ብሬክ ክሩዝ ሁዳዴ ውስጥ ይገባል፣ የኦገስቱ ደግሞ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ እንጾማለን በቃ። ቡፌው ላይ ብቻ ከተመካችሁ ሰላጣና ድንች ስትበሉ ትከርማላችሁ። የሚሻለው ማታ ማታ ዋናው ሬስቶራንት ቁጭ ብላችሁ የሚበላበት ቦታ ሄዳችሁ በመጀመሪያው ቀን ዋና አስተናጋጁን "ቪጋን ነን፣ ወተትም እንቁላልም ቅቤም የለም" ማለት ነው። ቪጋን በሉ እንጂ ጾም ላይ ነን ብላችሁ ማስረዳት አትጀምሩ፣ ምግብ ጭራሽ የማትበሉ ይመስላቸዋል። በዋዜማው የነገውን ሜኑ ያሳዩዋችሁና እንዲዘጋጅላችሁ ታዛላችሁ። የእኛ አስተናጋጅ ከህንድ ጎዋ የመጣ ልጅ ነበር፣ ኩሽናው ውስጥ ያሉት ህንዳውያን ለራሳቸውም የሚሰሩት ነገር እንዳለ ነገረንና በማግስቱ በትንሽ የብረት ሳህን ትኩስ ዳል ከሩዝና ከአበባ ጎመን ጋር ይዞ መጣ። እማዬ በማንኪያ ቀመሰችና "ይሄማ ምስር ወጥ ነው፣ የቀረው በርበሬው ነው" አለች፣ ከቦርሳዋ በፌስታል የተቋጠረች ሚጥሚጣ አወጣች፣ ነሰነሰችበት፣ ልጁንም ቅመስ ብላ ሰጠችው፣ እሱም ቀምሶ አይኑ እንባ ሲያቀርር "አንቺ ከኔ እናት ትብሻለሽ" ብሎ ሳቀ። ከዛ በኋላ እኛ ጠረጴዛ ላይ ሳንጠይቀው ነው ዳሉ የሚመጣው። አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለእናንተ ትቻለሁ። ሙስሊም የሆናችሁ ሀላል የሚያዘጋጁ መርከቦች አሉ፣ ግን ቡክ ስታደርጉ አስቀድማችሁ ነው ማስመዝገብ ያለባችሁ፣ እዛ ደርሳችሁ ብትጠይቁ ያው ቬጂቴሪያን ይሰጧችኋል።

ምግብ ይዞ መግባትን በተመለከተ ቤት የተሰራ ነገር የማይፈቅዱ አሉ፣ የታሸገና ያልተከፈተ ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ስለዚህ ቆሎ ከሱቅ የታሸገውን ግዙ። ዶሮ ወጥ በእቃ ይዞ መምጣት የሚባል ነገር እርሱት። ኤሌክትሪክ ጀበና፣ የውሃ ማፍያ፣ ካውያ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ከሰል ሁሉ ክልክል ነው፣ መርከብ ላይ ከምንም በላይ የሚፈሩት እሳት ነው፣ ሻንጣው ሲፈተሽ ይወስዱታል። ካውያ ስለሌለ የሐበሻ ቀሚስ የያዛችሁ ገላ መታጠቢያው ውስጥ ስቀሉትና ሙቅ ውሃ ልቀቁበት፣ በእንፋሎቱ ይዘረጋል። ቀሚሱን ግን ያዙት፣ ሰው ሁሉ ሱፍ ለብሶ በሚወጣበት ምሽት ጥበብ ለብሳችሁ ስትገቡ ፎቶ አብረን እንነሳ የሚላችሁ ሰው ብዛቱ።

የባህር ማቅለሽለሽ እውነት ነው፣ ግን የሚሸነፍ ነው። ክፍል ስትመርጡ ከመርከቡ መሀል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ያዙ፣ የሚወዛወዘው የፊቱና የኋላው፣ ከፍ ያለውም ነው። ከፑሉ ስር ወይም ከዲስኮው በላይ ያለ ክፍል ከተሰጣችሁ ደግሞ ሌሊቱን ወንበር ሲጎተት ወይም ቤዝ ሲመታ ነው የምታድሩት። መስኮት የሌለው ክፍል ርካሽ ነው፣ ግን መብራት ስታጠፉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ ለሽማግሌ ሰው ትንሽ የሌሊት መብራት ያዙላቸው። ሜክሊዚን የሚባለው መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይገዛል፣ ከመታመማችሁ በፊት ነው የሚወሰደው፣ ማስታወክ ከጀመራችሁ በኋላ እዛው ይወጣል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ግን በሐኪም ትእዛዝ ነው፣ የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ላለበት ሰው ስለማይመከር ለአባታችሁ ከራሳችሁ አውጥታችሁ እንዳትለጥፉላቸው። ዝንጅብልና ብስኩት ይረዳል፣ አየር ወዳለበት ወጥቶ አድማሱን ማየትም ይረዳል። የመርከቡ ሰራተኞች አሳንሰሩ አጠገብና ደረጃው መደገፊያ ላይ የወረቀት ከረጢት መሰካት ሲጀምሩ ካያችሁ ማታ ሊያወዛውዝ ነው ማለት ነው፣ ያኔ እራት ቀለል አድርጉ። ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሀሪኬን ወቅት ነው፣ ዋጋው የሚወርደውም ለዚህ ነው፣ መርከቡ አውሎ ነፋሱን ይሸሸዋል እንጂ ውስጡ አይገባም፣ ግን ባሃማስ ብላችሁ ሄዳችሁ ሌላ ቦታ ልትገኙ ትችላላችሁ፣ ውሉም ላይ ተጽፏል፣ ካሳ ብላችሁ ብትጮሁ የወደቡን ክፍያ ቢመልሱላችሁ ነው።

ሆድ የሚያውከው ኖሮቫይረስ ደግሞ የእጅ ሳኒታይዘር እምብዛም አይገድለውም። በሳሙናና በውሃ መታጠብ ነው መድኃኒቱ፣ ይሄን ደግሞ ለእኛ ማንም አያስተምረንም፣ ልጆቹን ግን ቡፌ ከመንካታቸው በፊት ተከታተሏቸው። ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የጤና መስሪያ ቤት መርከቦቹን እየፈተሸ ከ100 ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ 85ና ከዛ በታች ወድቋል ማለት ነው፣ የምትሄዱበትን መርከብ ስም አስገብታችሁ ዌብሳይቱ ላይ ማየት ትችላላችሁ።

ሐኪም አለ፣ ግን ሂሳቡ ክፍላችሁ ላይ ይጻፋል፣ ውድ ነው። የወላጆቻችሁ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግስት የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ) የሚሰራው መርከቡ አሜሪካ ወደብ ላይ ሲሆን ወይም ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት ባልበለጠ ርቀት ላይ ሲሆን ነው፣ ከዛ ውጭ የለም። ሄሊኮፕተር ቢያስፈልግ በአስር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ትራቭል ኢንሹራንስ ግዙ፣ በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ይዛችሁ ከሆነ። መድኃኒቱን ለሻንጣ ተሸካሚው በምታስረክቡት ሻንጣ ውስጥ አታስገቡት፣ ሻንጣው ክፍላችሁ የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ደግሞ፣ ጉዞው ሳያልቅ 24ኛ ሳምንት የምትገቡ ከሆነ አብዛኞቹ አያሳፍሩም፣ ከስድስት ወር በታች ሕፃንም እንደዛው።

ወደብ ላይ ስትወርዱ የመርከቡ ሰዓትና የሀገሩ ሰዓት ሊለያይ ይችላል። ኮዙሜል ያለችበት የሜክሲኮ ግዛት በጋ ክረምት ሰዓቱን አይቀይርም፣ ስለዚህ በአሜሪካ በጋ ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች፣ መርከባችሁ በማያሚ ሰዓት እየሄደ ስልካችሁ ራሱን ወደ ኮዙሜል ቢቀይር አንድ ሰዓት አለኝ ብላችሁ ስትገበያዩ መርከቡ ይሄዳል። ስለዚህ ተራ የእጅ ሰዓት አስራችሁ በመርከቡ ሰዓት ሙሉት። ወላጆቻችሁ ደግሞ በሀበሻ አቆጣጠር ነው የሚያስቡት፣ "አራት ሰዓት ተኩል ተመለሱ" ብትሏቸው አራት ሰዓት ተኩል ለነሱ ጠዋት ነው፣ "አስር ሰዓት ተኩል" በሏቸው። የመጨረሻ መግቢያው ብዙ ጊዜ ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀደም ይላል። በመርከቡ በኩል በተገዛ ጉብኝት ላይ ከሆናችሁና ባሱ ቢዘገይ ይጠብቋችኋል፣ መንገድ ላይ በተስማማችሁት ታክሲ ከሆነ ግን አይጠብቁም። እኔ ታክሲውን እመርጣለሁ፣ ዋጋው ግማሽ ነው፣ ግን ሁለት ሰዓት ቀድሜ ነው የምመለሰው።

በአውሮፕላን ሄዳችሁ የምትሳፈሩ ከሆነ በዋዜማው ግቡ፣ ርካሽ ሆቴል ያዙ፣ በዕለቱ ጠዋት በረራ ላይ አትመኩ። ዩቱብ ላይ ያያችሁት አይከን ኦፍ ዘ ሲስ፣ ያ 20 ፎቅ ያለውና ሲሞላ 7,600 ተሳፋሪ የሚይዘው፣ ባልቲሞር አይመጣም፣ ቼሳፒክ ላይ ያለው ድልድይ ከውሃው 57 ሜትር ገደማ ነው ከፍታው፣ እንደሱ ያለ ግዙፍ መርከብ ስሩ አያልፍም፣ ስለዚህ እሱን ካማራችሁ ማያሚ መውረድ ነው። ከልጆች ጋር ከሆነ ያስደስታል፣ ከእናት ጋር ከሆነ ግን የባልቲሞሩ ትንሹ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ከክፍል እስከ እራት ቤት ያለው መንገድ ብቻ ጉልበት ይጨርሳል።

ስትመለሱ ሂሳባችሁን የመጨረሻው ቀን ማታ ሳይሆን ከዛ በፊት ባለው ቀን እዩት፣ ያልጠጣችሁት ለስላሳ ተጽፎ ከሆነ ያኔ ሰልፍ የለም፣ በመጨረሻው ማታ ግን የዲቪ ሰልፍ ነው የሚመስለው። ከቡፌው ሙዝና ፖም ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ እንዳትወጡ፣ ጉምሩክ ላይ ውሻው ያገኘዋል። የመመለሻ በረራም ከቀትር በፊት አትያዙ፣ መርከቡ ጠዋት በጊዜ ቢደርስም ያ ሁሉ ሰው እስኪወርድ፣ ሻንጣ እስኪገኝ፣ ፓስፖርት እስኪታይ ረፋዱ ያልቃል።